ጠገራውን በኪሎ አይሽጡ

«አባታችን ካረፉ ሰባት ወራቸው። ሜሪላንድ ከኖሩበት ቤት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘን። ውስጡ 41 ጠገራ ብር አለ፤ ስድስቱ ለአንገት ተብለው የተበሱ ናቸው። ሁለት የምኒልክ ብር፣ አንድ አላድ፣ 12 ግርሽ፣ ሃያ የጃንሆይ ሃምሳ ሳንቲም፣ አንድ ፌስታል የመዳብ ሳንቲም፣ 17 ትልልቅ የአሜሪካ የብር ዶላርና 40 ያረጁ ኳርተሮችም አሉ። ከጠገራዎቹ በአንዷ ላይ ያለችው ሴትዮ ከሌሎቹ ትለይብኛለች። አንድ ሱቅ ይዤ ሄድኩ። ሰውየው አምስት ደቂቃ እንኳ ሳያይ ‹ለሁሉም 900 ዶላር፣ ግን ዛሬ ከሆነ ነው› አለኝ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ‹1780 የሚል ጽሑፍ አለበት፤ አንዱ ብቻ ሺህ ዶላር ያወጣል› ብሎ ተቆጣኝ። ማን ነው ልክ? ከመሸጣችን በፊት እንድናጸዳቸውም ተመክረናል። አዲስ አበባ አክስታችን ቤትም አንድ ጣሳ ተቀምጧል፤ ታናሽ ወንድሜ በሻንጣው ያምጣው?»
እ.ት.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህታችን እ.ት.፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከጥያቄዎችዎ ሁሉ ጊዜ የማይሰጠው የጽዳቱ ነገር ስለሆነ ከእሱ እንጀምር፤ አያጽዷቸው። በሎሚም፣ በአመድም፣ በጥርስ ሳሙናም፣ በብር መወልወያ ፈሳሽም፣ በለስላሳ ጨርቅም ቢሆን አይንኳቸው። ሳንቲም ሲመታ ፊቱ ላይ ብርሃን የሚያዞር ስስ ገጽታ ይቀርበታል። ያ ገጽታ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም፤ በእርሱ ፋንታ በአጉሊ መነጽር የሚታዩ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ይቀራሉ። ነጋዴው ሳንቲሙን መብራት ሥር ዘንበል አድርጎ ሲያዞረው መጀመሪያ የሚፈልገው እነዚህን ነው። የሳንቲምን ጥራት መርምረው ቁጥር የሚሰጡ ደረጃ ሰጪ ድርጅቶችም የተወለወለ ሳንቲም ሲያገኙ ቁጥር አይሰጡትም፣ «የጸዳ» ብለው ጽፈው ይመልሱታል። ጠገራ ቢወለወል ጉዳቱ ትንሽ ነው። የምኒልክ ብር ቢወለወል ግን የዋጋው ግማሽ በአንድ ከሰዓት ሊሄድ ይችላል። ያ ጥቁር ወይም ቡናማ ሽፋን ቆሻሻ ሳይሆን ብር ከአየር ጋር ሲኖር የሚያወጣው ቀለም ነው፤ ገዢዎች ይወዱታል። በለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ኖረው አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር የያዙ ካሉ ከፕላስቲኩ አውጥተው በየወረቀት ፖስታቸው ያስቀምጧቸው እንጂ አይፈግፍጓቸው። ሲይዟቸውም ጠርዛቸውን ብቻ ይያዙ።

አሁን ወደ ክርክሩ። የሱቁ ሰውም ወንድምዎም ስተዋል፤ ልዩነቱ ሰውየው የሳተው ወደ ራሱ ኪስ መሆኑ ነው።

ወንድምዎን ያሳሳተው 1780 ብዙ ሰው ያሳሳታል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 ነው። ሳንቲሟ፣ የእኛ ጠገራ ብር፣ በቀይ ባሕር ንግድና በእኛ አገር ገበያ ስለተወደደ፣ ነጋዴው ሌላ መልክ ያለው ብር አልቀበልም ስላለ፣ ያ ዓመተ ምሕረት እንዳለ ተይዞ መመታቱ ቀጠለ። ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላኖና ቬኒስ መትተውታል። በ1935 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የሙሶሊኒ መንግሥት የመምቻ ቅርጹን ወደ ሮም ወሰደ፤ ከዚያ በኋላ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም መቱት። የኦስትሪያ መምቻ ቤት ዛሬም ይመታዋል። ስለዚህ 1780 የሚለው ጽሑፍ ዕድሜውን አይነግርዎትም። ያቺን የተለየችውን ለጊዜው ትተን፣ ከቀሩት 40 ጠገራዎች አብዛኛው የ19ኛው ወይም የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው ብሎ መያዝ ይሻላል። የድሮ ነጋዴዎቻችን በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ እያዩ ሉሎቹን ይቆጥሩ ነበር። ዛሬም የየመምቻ ቤቱን ልዩነት አጥንተው ጥቂት ጨምረው የሚከፍሉ ሰብሳቢዎች አሉ። ያንን ጌጥ በቅርብ ፎቶ ያንሱት፤ ነገር ግን ሺህ ዶላር አይጠብቁ። ጠገራ በዋናነት የሚሸጠው በያዘው ብር ነው።

የያዘው ብር ስንት ነው? ወደ ሱቅ ከመመለስዎ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው መሥራት ያለብዎ ሒሳብ ይህ ነው። አንድ ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹህ ብር ነው፤ 23.39 ግራም ማለት ነው። የብር የዓለም ዋጋ የሚጠራው በትሮይ አውንስ ነው፤ አንዱ 31.1035 ግራም ነው። 23.39ን ለ31.1035 ሲያካፍሉት 0.752 ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የወጥ ቤት ሚዛን የሚያሳየው አውንስ 28.35 ግራም የሆነው ሌላኛው ነው። ሁለቱ ከተደባለቁ ሒሳቡ ሁሉ ይበላሻል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በግራም ይመዝኑ።

በዚሁ መንገድ የቀረውን ብናሰላ፤ 40 ጠገራ 30.08 አውንስ። የምኒልክ ብር 28.075 ግራም ሆኖ ንጽሕናው 835 ስለሆነ ሁለቱ 1.51፣ አላዱ የዚያ ግማሽ፣ 0.38። ግርሽ 1.4 ግራም ገደማ ናት፤ 12ቱ አንድ ላይ 0.45። የጃንሆይ ሃምሳ ሳንቲም 7.03 ግራም ነው። ሁሉም ላይ 1936 ቢልም መጀመሪያ የተመታው 800፣ ኋላ የተመታው 700 ንጽሕና አለው፤ ስለዚህ በዝቅተኛው እናስላ፤ ሃያው 3.16። 17ቱ የአሜሪካ ዶላር እያንዳንዳቸው 0.7734 ይይዛሉ፤ 13.15። ኳርተሮቹ ከ1964 ወይም ከዚያ በፊት ከሆኑ 90 በመቶ ብር ናቸው፤ ድካማቸው (እጅ በእጅ ሲዞሩ መፋቃቸው) ታስቦ ለአንድ ዶላር፣ ማለትም ለአራት ኳርተር፣ 0.715 አውንስ ይያዛል፤ አርባው 10 ዶላር ስለሆነ 7.15። ከ1965 ወዲህ የሆነ ኳርተር በጠርዙ ላይ የመዳብ መስመር ይታይበታል፤ እሱን ወደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ይላኩት።

ድምሩ 55.88 አውንስ ነው። የዕለቱ ዋጋ (ነጋዴዎቹ «ስፖት» የሚሉት) በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ፣ ለስሌቱ ብቻ አውንሱን 30 ዶላር እንበለው፤ እርስዎ የሚሸጡበትን ቀን ዋጋ ይተኩበታል። በ30 ዶላር 1,676 ይመጣል። ቢቀልጥ እንኳ የሚያወጣው ማለት ነው። 900 ዶላር የዚህ 54 በመቶ ገደማ ነው፤ የአውንሱ ዋጋ ከ30 በላይ በወጣ ቁጥር ደግሞ ያቺ 900 ታንሳለች። የምኒልኮቹን የሰብሳቢ ዋጋና ያቺን የተለየች ሴትዮ ገና አልቆጠርንም።

ስለ እሷ እናውራ። ከ41ዱ አንዷን በመስኮት ብርሃን ይውሰዷትና ጽሑፉን ፊደል በፊደል ያንብቡት። 1780 ከሌለ፣ በምትኩ 1918 ካለና በላቲን ፊደል «ሬግኑም ኢታሊኩም» ከሚል፣ በጀርባዋም ያለው ንስር ባለ አንድ ራስ ሆኖ ደረቱ ላይ የሳቮያ (የጣሊያን ንጉሣውያን ቤተሰብ) ጋሻ መስቀል ካለበት፣ የያዙት ጠገራ አይደለም። ጣሊያን ለኤርትራ ንግድ ብሎ፣ ሰው ጠገራ መስሎት እንዲቀበለው አስመስሎ የመታው ታሌሮ ነው። ሴትዮዋም ማሪያ ቴሬዛ አይደለችም፤ ጣሊያንን የምትወክል ዘውድ የደፋች ሴት ናት። የማሪያ ቴሬዛው ጀርባ ንስሩ ባለ ሁለት ራስ ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ካስቀመጧቸው መለየት አያቅትዎትም። ይህ ሳንቲም በሰብሳቢዎች ዘንድ ከጠገራ ብዙ እጥፍ ይፈለጋል። ነጋዴ «ለሁሉም» ብሎ በጅምላ ሲጠራ የሚያተርፈውም እንዲህ ባለው ላይ ነው። አርባውን በብሩ ሒሳብ፣ ወይም ከዚያ በታች፣ ይገዛና አንዷን ለይቶ ያወጣል። ፎርጅዱ ብዙ ስለሆነም ክብደቷ ከ28 ግራም የራቀ ከሆነ ብዙ ተስፋ አያድርጉ።

ምኒልኮቹ ላይ እርስዎ ከአብዛኛው የአሜሪካ ነጋዴ የሚበልጡበት ነገር አለ፤ ቁጥሩን ማንበብ ይችላሉ። ዓመተ ምሕረቱ በግዕዝ ቁጥር ነው። ፲፰፻፹፱ ከሆነ 1889፣ ፲፰፻፺፪ ከሆነ 1892፣ ፲፰፻፺፭ ከሆነ 1895፤ ሁሉም በእኛ አቆጣጠር ነው። ፲፰፻፹፯ ካለበት ቀስ ይበሉ፤ የ1887ቱ ብር በጥቂት ቁጥር የተመታ ስለሆነ ከሌሎቹ ይለያል። የመጨረሻዋ ፊደል ፯ ትሁን ፱ በደንብ ካልታየች በሦስት አቅጣጫ ብርሃን ፎቶ ያንሷት። ነጋዴው ካታሎጉን ሲያገላብጥ 1889ን የፈረንጅ ዓመት አድርጎ ይዞ የተሳሳተ ገጽ ላይ ሊቆም ይችላል። የአንበሳው የተነሳው የፊት እግር ግራ መሆን ቀኝ መሆኑም በካታሎግ የሚለያቸው ምልክት ስለሆነ ፎቶው ላይ በግልጽ ይታይ። ከግርሾቹ የ1895ቱ እጅግ በብዛት የተመታ ነው፤ እሱ ላይ ብዙ አይድከሙ።

ድካሙን የሚያዩት ደግሞ ከፍ ብለው በቆሙ ቦታዎች ነው፤ በዘውዱ ላይ፣ በጉንጩ አጥንት ላይ፣ በአንበሳው ጎፈር ላይ። ጎፈሩ ጠጉር በጠጉር የሚቆጠር ከሆነ ጥሩ ነው፤ ለስልሶ አንድ ከሆነ ብዙ እጅ ዞሯል። ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ የምኒልክ ብሮች በዋጋ አምስት እጥፍ ሊራራቁ የሚችሉት በዚህ ነው።

የመዳብ ሳንቲሞቹ ፌስታል ብዙ አያወጣም፤ 1936 የሚል ጽሑፍ ያለው መዳብ ለአሥርት ዓመታት ተመትቷል። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጉበት። 25 ሳንቲም መጀመሪያ ሲወጣ ድፍን ክብ ነበረች። መጠኗ ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር ስለሚቀራረብ ሰዎች ብር እየቀቡ እንደ ሃምሳ አሳለፏት፤ ስለዚህ ጠርዟ እንደ አበባ ቅጠል ተደርጎ በሌላ ተተካ። ድፍን ክብ የሆነች 25 ካገኙ ለብቻ ያስቀምጧት። መቶኛ የሚል የ1923 ሳንቲም ከወጣም ነጭነቱ እንዳያታልልዎ፤ ትልልቆቹ ኒኬል ናቸው፣ ማግኔትም ሊስባቸው ይችላል። ብር ማግኔት አይስበውም፤ ማግኔት ላይ የሚጣበቅ ጠገራ ግን ፎርጅድ ነው።

የአሜሪካዎቹን 17 ዶላሮች ሳያዩ አያሳልፏቸው። ሞርጋን የሚባለው (ከ1878 እስከ 1904ና 1921) ከንስሩ ጅራት በታች ትንሽ የመምቻ ቤት ፊደል አለው። ሲሲ (CC) ካለበት ካርሰን ሲቲ ነው፤ ሁሌም ለብቻ ዋጋ ይጠራለታል። የ1893 ኤስ (S)፣ የ1889 ሲሲና የ1928 ፒስ ዶላር (ከሞርጋን ቀጥሎ የወጣው፣ የመምቻ ቤት ፊደል የሌለው) ከወጡ ያለ ደረጃ ሰጪ ማረጋገጫ አይሽጧቸው፤ በጣም የሚፎረጁትም እነሱ ናቸው። የቀሩት ተራ ዓመታት ናቸው፤ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ከያዙት ብር በላይ ይሸጣሉ።

አሁን ዝርዝር ይሥሩ። ሃያ ዶላር የማይሞላ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ይግዙ። እያንዳንዱን ሳንቲም በየፖስታው አስገብተው ቁጥር ይስጡ፣ ክብደቱንና ዓመቱን ይጻፉ፣ ሁለቱንም ፊት በነጭ ወረቀት ላይ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ፎቶ ያንሱ። ከላይ የሚወርድ የስልክ ፍላሽ ጭረቱንም ጎፈሩንም ያጠፋል። የተመዘነ ጠገራ ከ27.5 እስከ 28.1 ግራም ቢሆን ደህና ነው። 25 ወይም 30 ካሳየ፣ ጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ካለ፣ ፊቱ ላይ እንደ እንጀራ ዓይን የሚመስሉ ጉድጓዶች ካሉ በቅርጽ የፈሰሰ ፎርጅድ ነው። በእውነተኛው ጠርዝ ላይ በላቲን «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚል ጽሑፍ ይዞራል። የተበሱትን ስድስቱን ለብቻ ያድርጉ። በያዙት ብር ብቻ ነው የሚሸጡት፣ ጆሮ የተበየደላቸው ከሆነ ደግሞ የብየዳው ክብደት ስለሚጨመር እንደ ሌሎቹ አይቁጠሯቸው። እንደ አንገት ጌጥ ለቤተሰብ ቢቀሩ ይሻላል ብንል፣ ያ ምክር ከገንዘብ አይደለም።

የት ይሂዱ? «ወርቅ እንገዛለን» የሚል ጥቅስ ከሰቀለ ሱቅ፣ በሆቴል አዳራሽ ለሁለት ቀን ከሚሰፍር ገዢና ከመያዣ ብድር ቤት ይራቁ። እነሱ የሚያውቁት ክብደት ብቻ ነው፤ እሱንም በራሳቸው ስሌት። የሚፈልጉት የሳንቲም ነጋዴ ነው። የአሜሪካ ኑሚስማቲክ (የሳንቲም ሰብሳቢዎች) ማኅበር የነጋዴዎች ማውጫ አለው። ፕሮፌሽናል ኑሚስማቲስትስ ጊልድ የሚባለው የነጋዴዎች ማኅበርም አባላቱ ከደንበኛ ጋር ሲጣሉ በግልግል ዳኝነት የሚገዙበት ደንብ አለው። ሦስት ሰው ይምረጡ፤ ቢያንስ አንዱ የውጭ አገር ሳንቲም የሚነግድ ይሁን። ለአሜሪካ ዶላር ጥሩ የሆነ ሰው ለምኒልክ ላይሆን ይችላል፤ ስለማያውቀውና ለማን እንደሚሸጠው ስለሚጨነቅ ዝቅ አድርጎ ይጠራል። ያ ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም። በባልቲሞር ለዓመታት ሲካሄድ የቆየው ዓይነት ትልቅ የሳንቲም ትርኢት ላይ ግን የውጭ አገር ነጋዴዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚገኙ ሦስቱን ዋጋ በአንድ ጠዋት ማሰባሰብ ይቻላል።

ሦስቱንም በአንድ ቀን፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ይጨርሱ። ብር በሳምንት ውስጥ ብዙ ሊወርድ ሊወጣ ስለሚችል ሰኞ የተጠራን ዋጋ ከዓርብ ጋር ማነጻጸር ከንቱ ነው። ሲገቡም የዕለቱን ዋጋ በስልክዎ አይተው ይግቡ።

ጠረጴዛው ላይ የሚሆነው ይህ ነው። ነጋዴው አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጀምራል። አይመልሱ። ዝቅ ብለው ከጠሩ ያንኑ ይሰጥዎታል፣ ከፍ ብለው ከጠሩ ቁም ነገር የለሽ ደንበኛ ያደርግዎታል። «ውርስ ነው፣ ከሦስት ሰው ዋጋ እየጠየቅን ነው፣ በየፖስታው ቁጥር ዋጋዎን ይጻፉልን» ይበሉና የዝርዝሩን ቅጂ ይስጡት። ዝርዝሩ ላይ የእርስዎ ሒሳብ አይኑር፤ ቁጥር፣ ዓይነት፣ ዓመትና ክብደት ብቻ። ለጠገራዎቹና ለኳርተሮቹ «ከስፖት ስንት በመቶ ይከፍላሉ?» ብለው ይጠይቁ። ይህ ጥያቄ የሚያሳየው ሒሳቡን እንደሚያውቁ ነው፤ አጠራሩም ወዲያው ይለወጣል። የሌላውን ነጋዴ ዋጋ አይንገሩት፤ ከነገሩት አሥር ዶላር ጨምሮ ያቆማል።

ፖስታዎቹን አንድ በአንድ ያውጡ፣ አንዱ ሲመለስ ሌላውን ይስጡ። ሳንቲሞቹ ከዓይንዎ አይራቁ፤ «ውስጥ ገብቼ ላሳይ» ካለ አብረው ይግቡ። ብረቱን በኤክስሬይ መሣሪያ ቢፈትሽ ጉዳት የለውም። ምኒልክ ላይ አሲድ ሊያንጠባጥብ ወይም ጠርዙን ሊሞርድ ቢነሳ ግን ያስቁሙት። መታወቂያ ቢጠይቅዎት አይደንግጡ፤ በብዙ ስቴት የከበረ ብረት ገዢ የሻጩን ማንነት የመመዝገብ ግዴታ አለበት። ማታ ይደሩ ካለ ደግሞ እያንዳንዱ ፖስታ የተዘረዘረበት ፊርማ ያለው ደረሰኝ ሳይኖር አይተዉ። ከሁሉ በላይ «ዛሬ ከሆነ ነው» የሚለውን ቃል ይጠንቀቁት። የብሩ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ጠገራ ላይ የተጠራ ዋጋ ለዕለቱ ብቻ ቢሆን ትክክል ነው። ምኒልክ ላይ ግን ነገ የሚያልፍበት ምክንያት የለም።

የተጠራውን እንዴት ይመዝኑት? ለጠገራ ከብሩ ዋጋ ከ85 እስከ 95 በመቶ ከሆነ ይሽጡ፤ ከ80 በታች ከሆነ አመስግነው ይውጡ። መቶ በመቶ የማይደርስበት ምክንያት አለ። 833 ንጽሕና ያለው ብር ለአቅላጭ ሲሄድ የማጣራት ወጪ አለበት፣ ነጋዴውም እስኪሸጠው ዋጋው ሊወድቅበት ይችላል። ኳርተሮቹ በአሜሪካ ገበያ እንደ ጥሬ ገንዘብ ስለሚዘዋወሩ ትንሽ ከፍ ይላሉ። ለምኒልኮቹና ለታሌሮው ግን ከስፖት ጋር የተያያዘ መቶኛ አይቀበሉ። መለኪያው ተመሳሳይ ሳንቲም በተመሳሳይ ድካም በቅርቡ በጨረታ የተሸጠበት ነው። የትልልቅ ጨረታ ቤቶች መዝገብ በኢንተርኔት በነፃ ይታያል። ኢቤይ ላይም «የተሸጠ» የሚለውን ማጣሪያ ይጫኑ፤ ሻጭ ያወጣው ዋጋ ምኞት ስለሆነ አይቁጠሩት። ነጋዴ የዚያን ከ65 እስከ 75 በመቶ ቢሰጥ በእኛ ግምት ጨዋ ዋጋ ነው፤ ቀሪው የሱቁ፣ የጊዜውና የሥጋቱ ነው። በየፖስታው የተጻፈው ዋጋ ሦስት አምድ ሆኖ ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ ጠገራውን ለአንዱ፣ ዶላሮቹን ለሌላው፣ ምኒልኮቹን ለሦስተኛው መስጠት እንደሚቻል ያያሉ። ግን አንድ ሰው «እነዚህን አራቱን ብቻ እፈልጋለሁ» ብሎ ምርጡን አንሥቶ ተራውን ቢተውልዎት፣ ያኔ ለአራቱ የሚከፍለው ሁሉንም ሊገዛ ሲል በየፖስታቸው ከጻፈላቸው በላይ መሆን አለበት። ተራውን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሻጭ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ሲገባ የሚያሳየው ነገር አይኖረውም።

ደረጃ ማሰጠት፣ ማለትም ፒሲጂኤስ ወይም ኤንጂሲ ከ1 እስከ 70 ቁጥር ሰጥቶ በፕላስቲክ እንዲያሽገው መላክ፣ ለጠገራ ገንዘብ ማባከን ነው። ከፖስታና ከኢንሹራንስ ጋር አንዱ ሳንቲም ብዙ ጊዜ 50 ዶላርና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ለ1887ቱ፣ ለታሌሮው ወይም ጎፈሩ ሙሉ ለሆነ ምኒልክ ግን ይገባዋል፣ በተለይ ሦስቱ ነጋዴዎች በዋጋ በጣም ከተራራቁ። ከላኩ በአሜሪካ ፖስታ ሬጂስተርድ ሜይል ይላኩ፤ ቀርፋፋ ነው፣ ነገር ግን እስከ 50,000 ዶላር ኢንሹራንስ ይይዛል። ጨረታ ላይ ማውጣትም አንድ መንገድ ነው። ከሻጭ የሚቆረጠው ኮሚሽን ድርድር አለበት፣ ገንዘቡም ከጨረታው በኋላ ሳምንታት ቆይቶ ይመጣል፤ ብዙ ጨረታ ቤት አነስተኛ የዋጋ ወለል ስላለው ሁለት ሳንቲም ብቻ ላይቀበል ይችላል።

ሲሸጡ መብቱ የማን እንደሆነ አስቀድመው ያስተካክሉ። በሜሪላንድ የውርስ ጉዳይ የሚታየው በየካውንቲው ባለው የኑዛዜ መዝጋቢ ቢሮ ነው። ሸጦ መፈረም የሚችለው ቢሮው የሾመው የውርስ ተወካይ ነው። ውርሱ አነስተኛ ከሆነ አጠር ያለ ሂደት አለው። ዝርዝሩንና ሦስቱን የተጻፉ ዋጋዎች ለወንድምዎ ይላኩለት፤ ሊቆጣዎት የተነሳው ምንም ወረቀት ስላላየ ነው። ግብሩን በተመለከተ፣ ውርስ ሲሸጥ የመነሻ ዋጋው አባትዎ የገዙበት ሳይሆን ባረፉበት ቀን የነበረው የገበያ ዋጋ ነው። ስለዚህ የዚያን ቀን የብር ዋጋ ዛሬውኑ ፈልገው ዝርዝሩ ላይ ይጻፉት። በሰባት ወር የጨመረው ብቻ ነው ትርፍ የሚባለው።

የአክስትዎ ጣሳ እዚያው ይቆይ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት አይቻልም፤ ጥንታዊ ሳንቲም ቦሌ ላይ በሻንጣ ፍተሻ ሲገኝ ወንድምዎ ሊቀማና ሊጠየቅ ይችላል። የቅርስ ባለሥልጣን አይቶ የፈቀደውን ብቻ ነው ማምጣት የሚቻለው። ታናሽ ወንድምዎ ሲሄድ ትንሿን ሚዛን ይስጡት። ጣሳውን አፍስሶ በነጭ ወረቀት ላይ ፎቶ ያንሳ፣ ይመዝን፣ ዓመቱን ያንብብ፤ በተለይ ዘውድ የደፋ የጢም ባለቤት ንጉሥ ያለበት ትልቅ ብር ካለ ለብቻው ያስቀምጠው። የጣሊያኑ ንጉሥ የኡምቤርቶ ቀዳማዊ የ1891 ወይም የ1896 ታሌሮ ከሆነ፣ እሱ ላይ ከመነጋገራችን በፊት ማንም ሰው ሎሚ ይዞ እንዳይጠጋው።